ከጉና የመጣው ቡችላ

ይህ የደረሰብኝ ደብረ ታቦር ዳር ወፍጮ ቤት በከፈትኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ሞባይል ስልክ በከተማችን ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ ልጆቼ አድገዋል፣ ወፍጮውንም ሸጠነዋል። ያ ቀን ግን ከአእምሮዬ አልጠፋም። በተለይ በሰፈሬ ሰው ሞተ ሲባል ይመጣብኛል።

ነገሩ የጀመረው በሌባ ነው። ባለቤቴ ለሥራ መተማ በሄደበት ሰሞን አጥር ዘለው ገብተው የወፍጮውን ቺንጋ፣ ሞተሩ የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ፈትተው ወሰዱብኝ። ከትንንሽ ልጆች ጋር ብቻዬን ስለነበርኩ ፈራሁ። ጎረቤቶቼ ውሻ አሳድጊ አሉኝ።

በከተማችን አንድ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ሰው ሁሉ ዶክተር ነው የሚላቸው። የተጣሉና የታመሙ ውሾችን እየሰበሰቡ በጓሯቸው በሠሩት የቆርቆሮ ቤት ያስጠልሉ ነበር። ሰፈርተኛው በጩኸቱ ቢያማርርም እሳቸው መስሚያቸው ጥጥ ነው። ሰኔ እንደገባ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ።

እኔ የፈለግኩት ትልቅ፣ ሲጮህ ሌባ የሚያስበረግግ ውሻ ነበር። ዓይኔ ያረፈው ግን ጥግ ላይ በተኛ ቡችላ ላይ ነው። ጥቁር ሆኖ ደረቱ ነጭ ነው። አጥንቱ ገጥጧል፤ ጎኑ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ ጠባሳ አለው። ሲያየኝ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ተነስቶ መጣና እግሬ ላይ ተደገፈ።

ዶክተር ታሪኩን ነገሩኝ። ቡችሎችን የሚፈጅ የአንጀት በሽታ ይዞት ነበር። ከጉና የሚወርድ የአይሱዙ ሾፌር መንገድ ዳር ወድቆ አግኝቶት ነው ያመጣላቸው። ከዚያ ጉሉኮስ እየሰጡ፣ በመርፌ እየወጉ አተረፉት።

“የገረመኝ በሽታው አይደለም” አሉኝ። “ሲያመጡልኝ አፉም አፍንጫውም አፈር ሞልቶት ነበር። በውሃ እያጠብኩ ነው ያወጣሁለት።”

የሚዋጥ መድኃኒት ሰጡኝ። ሩዝና መረቅ በጥቂት በጥቂቱ እንድሰጠው፣ ከብርድ እንድጠብቀው መከሩኝ። ዘንቢል ውስጥ አድርጌ ስወስደው ዝናብ ማካፋት ስለጀመረ በነጠላዬ ጫፍ ላለብሰው ሞከርኩ። ያን ጊዜ አንድ ድምፅ አወጣ። የውሻ ጩኸት አይመስልም። ነጠላውን ባነሳሁለት ቅጽበት ዝም አለ። በዝናቡ እየራሰ ቤት ገባ።

ልጄ በመልኩ ጉሬዛ አለችው። ቀስ በቀስ ሥጋ አወጣ፤ ዓይኑም ጠራ። ደስ ብሎን ነበር። ሆኖም አንዳንድ ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር።

አንደኛ፣ ከላዩ ምንም ነገር እንዲሆን አይፈልግም። ሣጥን አበጅተንለት ትቶት ሜዳ ላይ ይተኛል። ሁለተኛ፣ ድምፅ የለውም። ዘንቢል ውስጥ ካሰማው ጩኸት ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ሲጮህ አልሰማነውም። ከሁሉ የባሰው ግን መማሱ ነው። ውሻ መሬት ይምሳል፣ ይታወቃል። ይህ ግን አጥንት የሚፈልግ አይመስልም። መጀመሪያ ጆሮውን መሬት ላይ ያስጠጋል። እንዲህ ሆኖ ብዙ ይቆያል፣ ልክ ከሥር የሚያወራ ሰው እንዳለ። ከዚያ እዚያው ቦታ ላይ ይምስና ያቆማል፤ እንደገና ያዳምጣል፤ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ወፍጮው ሲሠራ መሬቱ ስለሚንቀጠቀጥ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ግን ወፍጮው በማይሠራበት እሑድም ያደርገዋል። አንዲት ጎረቤቴ ግቢ ውስጥ የሚምስ ውሻ መቃብር ነው የሚምሰው፣ መልሺው አለችኝ። ሳቅሁባት። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ሳይነሱ ጉድጓዱን ሁሉ እየዞርኩ እደፍን ነበር።

የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሲል እህል የሚያስፈጭ ሰው በዛ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከጉና ሥር ከአንድ መንደር የመጣች ሴት ገብስ በአህያ ጭና መጣች። በዕድሜ እኔን ታህላለች። የሐዘን ልብስ ለብሳለች። ተራዋ ደርሶ ገብሷ እየተፈጨ ሳለ ጉሬዛ በበሩ በኩል አለፈ። ሴትዮዋ እጇ ከጆንያው ላይ ወረደ።

“ጥቁሬ” አለች በቀስታ።

በወፍጮው ጩኸት መካከል እንዴት እንደሰማት አላውቅም። ቡችላው ቆመ። ዞረና በሆዱ እየተሳበ እግሯ ሥር መጥቶ ተጋደመ። ጎኑን ዳሰሰች። ጠባሳውን በጣቷ ተከተለችው። ፊቷ ተለዋወጠ። ወፍጮውን አስቆምኩ።

“ይኸን ውሻ ከየት አመጣሽው እቴ?” አለችኝ።

ነገርኳት። “ይኸን ውሻ እኔ ቀብሬዋለሁ” አለች።

ስሟ ውዴ ይባላል። እዚያው ጆንያው ላይ ተቀምጣ አወጋችኝ። ሰርካለም የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። ውሻው የልጅቷ ነው። ልጅቷ ከፋሲካ በኋላ በድንገት ትኩሳት ያዛትና በማግስቱ ምሽት ላይ አረፈች። ውሻው ከዚያ ወዲያ እህል አልቀመሰም። ደም ያስቀምጠው ጀመር። ባሏ ይሻለዋል ብሎ ማጭድ አግሎ ጎኑን ተኮሰው። አልሆነም፤ ሞተ። ባሏ ገደል ልጣለው ሲል እሷ የልጄ ነው ብላ ከቤቷ ጀርባ ራሷ ቀበረችው።

“ነካክቼዋለሁ እኮ” አለችኝ። “ቀዝቅዞ ነበር። ትንፋሽ አልነበረውም።” ደግሞም “ሰርካለምንም እንዲሁ ነው የነካኋት። እንዲሁ ነበር የቀዘቀዘችው” አለች።

ከዚያ ተነሳች። አህያዋንም ዱቄቷንም ትታ ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ ወዲያው ገባኝ። ልጆቼን ለጎረቤት አደራ ብዬ፣ ወፍጮውን ለሠራተኛዬ ትቼ ተከተልኳት። ጉሬዛ እኔን አልፎ ከፊቴ ይሄድ ነበር።

ዳገቱን ስንወጣ ከጉና ጉም ወረደ። ከፊቴ የምትሄደውን ሴት አንዳንዴ አያታለሁ፣ አንዳንዴ የእግሯን ኮቴ ብቻ እሰማለሁ። እንድትመለስ ብለምናት እርምጃዋን ታፈጥናለች። ቤቷ ስንደርስ ማንም አልነበረም፤ ባሏ እርሻ ላይ ነው። በቀጥታ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።

ውሻውን ቀብራ የደረደረችው ድንጋይ ተገላልጧል። ከመካከሉ አንድ ጠባብ ቀዳዳ አለ፣ ቡችላ ብቻ የሚያሳልፍ። አፈሩ የተገፋው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው።

“ጅብ ያወጣው መስሎኝ ነበር” አለች። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ዶማ አነሳች። ልቀማት ሞከርኩ፤ ጉልበቷን አልቻልኩትም።

ቤተ ክርስቲያኑ ከቤቷ ብዙ አይርቅም። እሷ ገባች፣ እኔም ገባሁ። ቡችላው ግን ከቅጥሩ በር ላይ ቆመ። አልገባም አለ። የልጅቷ መቃብር ድንጋይ ገና አዲስ ነው፣ ሣር እንኳ አልበቀለበትም። ውዴ የላይኛውን ድንጋይ ስታነሳ ቡችላው ከበር ሆኖ ማላዘን ጀመረ። አንገቱን ዘርግቶ ሲያላዝን ጉሙ ውስጥ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም ነበር።

ያንን ድምፅ ሰምተው ከቅጥሩ ሥር ካለች ጎጆ አንዲት መነኩሴ ወጡ። የልጅቷ አባት አክስት ናቸው። ሁሉም እማሆይ ይላቸዋል። ዶማውን አዩ፣ ውዴን አዩ። ከዚያ በሩ ላይ ያለውን ቡችላ አዩና አማተቡ። እሳቸውም አውቀውታል።

“ምን ልታደርጊ ነው ልጄ?” አሉ።

“ውሻው አልሞተም ነበር እማሆይ” አለች ውዴ።

መነኩሴዋ አልተቆጡም። መጥተው መቃብሩ ላይ፣ ዶማው ሊያርፍበት ከነበረው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

“እኔ ነኝ የገነዝኳት” አሉ። “አንቺ ያን ምሽት ራስሽን ስተሽ ነበር፣ አላየሽም። ሳልገንዛት በፊት ጉንጬን አፏ ላይ አድርጌ ነው ያደርኩት። እኔም እንዳንቺ ሙቀት ይመጣል ብዬ ነበር። ጎህ እስኪቀድ ጠበቅኩ። አልመጣም ልጄ።”

ዶማው ከውዴ እጅ ወደቀ። እማሆይ ጭን ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስኩ። መቼ እንደሆነ ሳናስተውል ቡችላው ዝም ብሎ ነበር።

መሽቶብን እማሆይ ጎጆ አደርን። በማግስቱ ውዴ አህያዋን ልትወስድ ከእኔ ጋር ወረደች። መንገድ ላይ ውሻው ያንቺ ነው፣ ውሰጂው አልኳት።

“አንቺ ዘንድ ይሁን” አለችኝ። “እኔ እሱን ባየሁ ቁጥር ሌላ ነገር እጠብቃለሁ።”

ጉሬዛ እኛ ቤት አደገ። ከዚያ በኋላ መጮህ ጀመረ፤ ሌባም ዳግመኛ አልደፈረንም። መማሱን ግን አልተወም። ዶክተርም ነገሩን ስነግራቸው፣ ውሻ በሕመም አቅሉን ሲስት ትንፋሹ እስከማይታወቅ ሊደክም ይችላል፣ ቀዝቃዛ አፈርና ዝናብ ቀሰቀሰው ብለው አስረዱኝ። አምኛቸዋለሁ። ውዴም ገብሷን ይዛ ትመጣ ነበር። ለውሻው ቆሎ ትወረውርለታለች። አትነካውም።

ውሻውን ፈርቼው አላውቅም። በእኔ ላይ የቀረው የውዴ ነገር ነው። በሰፈራችን ሰው ሲሞት ቀድሜ እደርሳለሁ። ገናዦቹ ሳይጀምሩ ጎንበስ ብዬ ጉንጬን ከሟቹ አፍ ላይ አደርጋለሁ፤ ቶሎም አልነሳም። ሰዎች እየሳመች ትሰናበታለች ይላሉ። እኔ ግን እየጠበቅኩ ነው።