የኤልዉድ ምድጃና የቬርዴል ድስት

ኤልዉድ አርባ ዓመት ሙሉ ጡብ ሲደረድር የኖረ ግንበኛ ነው። በምሥራቅ ካሮላይና፣ በተወለደባት በዚያች ትንሽ ከተማ፣ የሱ እጅ ያላረፈበት የጭስ መውጫ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ከሠራው ሁሉ ግን የሚኮራበት አንድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ያለው የአሳማ ሥጋ መጥበሻ ምድጃ። ጡቡን ራሱ መርጦ፣ ሲሚንቶውን ራሱ አቡክቶ፣ በወጣትነቱ ያቆመው ነው።

በየዓመቱ በመስከረም መገባደጃ፣ በየከተማው የተበተነው ምእመን ወደ ትውልድ ቤተ ክርስቲያኑ ለበዓል ይመለሳል። የዚያን ቀን ሥጋ የኤልዉድ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሂኮሪ የሚባለውን ጠንካራ እንጨት ፈልጦ ያነዳል፣ ፍሙን በአካፋ እየዛቀ ከሥጋው ሥር ይበትናል፣ እሑድ አምልኮው እስኪያልቅ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። የአሳማው ትከሻ ሥጋ ቀስ ብሎ ይበስልና በጣት ሲነካ ይዘነጣጠላል። ኮምጣጤና በርበሬ የገባበት መረቅ ይርከፈከፍበታል። ኤልዉድን "ማን ነህ?" ብትሉት ስሙን ከመንገሩ በፊት ያን ምድጃ ያሳያችኋል።

ሚስቱ ቬርዴል ቤቷ ውስጥ የምታበስለው በሌላ ነው። ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት አላት፣ አረንጓዴ፣ ክዳኑ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ። ጠዋት የአሳማውን ትከሻ ከሽንኩርትና ከኮምጣጤ ጋር ትከትበትና ክዳኑን ደፍታ ትወጣለች። እህቷ ቤት ውላ፣ ሐሜቷን ጨርሳ ስትመለስ ሥጋው በሹካ ሲነካ ይፈርሳል። ኤልዉድ ደግሞ ዝም አይልም።

"አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ መጥበስ ነው የምትዪው? ሥጋውን ሻወር አስወሰድሽው እንጂ።"

"አንተ ደግሞ ስትበላው ከሳህኑ ቀና ማለት አቅቶህ ነው የማየው።"

እንዲህ እየተባባሉ አርባ አንድ ዓመት ኖሩ። ደህና ትዳር ነበር፤ ነበር ነው የምለው።

ከአራት ዓመት በፊት ያ ዓለምን ያዳረሰው በሽታ ኤልዉድንም ጣለው። ሳንባው ዳነ። አፍንጫውና ምላሱ ግን እንደወጡ ቀሩ። ቡናና የሞቀ ውሃ አንድ ሆኑበት። ጫማው ሥር ጎማ ቢቃጠል አይሸተውም። ዶክተሩ "ይመለስ ይሆናል" አለው፣ አልተመለሰም። ይህን ከቬርዴል በቀር ለማንም አልተናገረም።

"ለማንም እንዳትነግሪ" አላት፣ ለምኖ። ኤልዉድ የሚለምን ሰው አይደለም። "የማይቀምስ ሰው ሥጋ ሲጠብስ አይተሽ ታውቂያለሽ? ከሰሙ ምድጃዬ አጠገብ አያስደርሱኝም።"

"ከኔ አፍ አይወጣም" አለችው።

ከዚያ ወዲህ ምላሱ እሷ ሆነች። በዓሉ ሲደርስ መረቁን ቤት ውስጥ ያዘጋጅና በማንኪያ ይዞላት ይመጣል። "ቅመሺልኝ" ይላታል። ትቀምሳለች፣ ከንፈሯን ትጠርጋለች፣ "ልክ ነው" ትለዋለች። እሱም አምኖ ይሄዳል። ምን ይጠራጠራል፣ ሚስቱ አይደለች እንዴ? ከበዓሉ በኋላም ሰው ሁሉ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ "ዘንድሮማ ካምናው በለጥክ" ይለዋል። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። አልፎ አልፎ ለብቻው ሲሆን "እጄ ራሱ ያውቀዋል ማለት ነው፤ ምላስ ለምኔ?" ይል ነበር።

በአራተኛው ዓመት የበዓሉ እሑድ ሥጋው ደረሰ። የልጅነት ጓደኛው ዲያቆን ክሊፍተን እንደልማዱ መጣና ሥጋውን በትልልቅ ትሪ አድርጎ በፎይል ሸፈነው። "አንተ አረፍ በል፣ እኔ ወደ ኩሽና አስገባዋለሁ" አለና ተሸክሞ በጓሮ በኩል ዞረ። ኤልዉድ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በፎጣ ሲጠርግ የአዳራሹ መብራት ድርግም አለ። መዘምራኑ ማይካቸው ጠፍቶባቸው በጉሮሮ ብቻ ቀሩ።

ብሬከሩ መውረዱ ነው። የብሬከሩ ሳጥን ያለው ኩሽና ውስጥ ነው፣ ቁልፉም ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ከኤልዉድ ቁልፎች ጋር ተንጠልጥሎ የኖረ ነው። ተነሥቶ ሲሄድ ክሊፍተን እየሮጠ ደረሰበት።

"ቁልፉን ወዲህ በል፣ እኔ አነሳዋለሁ።"

"አንተ? አምፖል መቀየር የሚያስፈራህ ሰውዬ?"

"ኧረ ተው ኤልዉድ፣ ደክሞሃል። ተቀመጥ።"

"ምን ሆነሃል ዛሬ? ዞር በል ከበሩ።"

ክሊፍተን ከበሩ ዞር አላለም። ኤልዉድ በትከሻው ገፋ አድርጎት ገባ።

ኩሽናው ውስጥ በመስኮቱ ብርሃን ያየው ይህ ነው፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተደረደሩ አሥራ አንድ የኤሌክትሪክ ድስቶች፣ ገመዳቸው እርስ በርስ ተጠላልፎ ሁለት ሶኬት ላይ የተሰካ። ብሬከሩን የጣለውም ይኸው ነው። ስድስት ሴቶች ማንኪያቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

"ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?" አለ ኤልዉድ።

"ባቄላ ነው" አለች አንዷ ቶሎ ብላ።

አሥራ አንድ ድስት ባቄላ። ኤልዉድ ጠጋ ብሎ የቅርቡን ክዳን አነሳ። የተዘነጣጠለ የአሳማ ሥጋ ነው። የሚቀጥለውን አነሳ፣ እሱም ሥጋ። ሦስተኛው አረንጓዴ ነው፣ ክዳኑ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ። እሱን አልከፈተውም። ቀና ሲል ቬርዴል ከማቀዝቀዣው አጠገብ ቆማለች።

"የኔ ሥጋ የታለ?" አለ።

አንዷ ሽርጧን ታስተካክላለች፣ ሌላዋ ወለሉን ታያለች። በሩ አጠገብ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሚስ ኦዜላ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ መዋሸት ከተዉ ቆይተዋል።

"ለክሊፍተን ውሾች ነው የሚሄደው ልጄ" አሉት። "ይኸው ሦስተኛ ዓመቱ።"

"ሚስ ኦዜላ" አለች ቬርዴል።

"ምን ሚስ ኦዜላ ትይኛለሽ። ሰውዬው ጠየቀ፣ መለስኩለት። ልጄ፣ ምላስህ ጠፍቷል አሉን እኮ። የታመምክ ዓመት የሠራኸው ጨው ብቻ ነበር፣ ጠርዙ ደግሞ አሮ መርሮ። ሰዉ በሶፍት እየጠቀለለ ጣለው። ከዚያ ወዲህ እነሱ በየቤታቸው ይቀቅላሉ፣ አንተ ጓሮ ታጨሳለህ። ጭሱ ደስ ይላል፣ ሰው ይጠራል።"

ከሁሉም ኤልዉድን የወጋው ግን ውሾቹ አልነበሩም። "ምላስህ ጠፍቷል አሉን" የሚለው ነው። ያን የምታውቅ በምድር ላይ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ብሬከሩን አነሳ፣ ሳጥኑን ቆለፈ፣ ቁልፉን ከሌሎቹ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ። አዳራሹ ውስጥ መብራቱ ሲመለስ ሰው አጨበጨበ።

ቤት ሲደርሱ ቬርዴል ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጀመረች።

"እኔ ባልናገር ኖሮ ምድጃህን ይነጥቁህ ነበር። ክሊፍተን ራሱ ነው ሊነግርህ የተነሳው፣ ሰው ፊት። እኔ ነኝ ለምኜ ያስቆምኩት። እንዳትዋረድ ብዬ ነው።"

"አልተዋረድኩማ" አለ ኤልዉድ። "ሌሊቱን ሙሉ ጭስ እያነቀኝ ለውሻ ሳበስል ስታዪኝ ምን ትዪ ነበር በሆድሽ?"

"ደስ ብሎህ ነበር እኮ።"

"የመጀመሪያውን ዓመት ንገሪኝ። መረቁን አመጣሁልሽ። ቀመስሽ። ምን ነበር?"

ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ቬርዴል፣ ምን ነበር?"

"ጨው ነበር" አለች። "የማይዋጥ ጨው።"

"ልክ ነው አልሽኝ።"

"ዓይንህን ብታየው... እንደ ሕፃን ነበር የምታየኝ። አልቻልኩም።"

እንግዲህ ፍረዱ። አንዲት ቃል ብትናገረው ጨውን በማንኪያ ይለካ ነበር፤ ሲሚንቶና አሸዋ ሲለካ የኖረ ሰው ጨው መለካት ያቅተዋል? ሰዓቱን በሰዓት ያዝ፣ ሥጋውን በቴርሞሜትር ውጋ ብትለው ያደርገው ነበር። አልነገረችውም። መጀመሪያ ዋሸችው፣ ውሸቷ ሰው ፊት አዋረደው፣ ከዚያ ውርደቱን ልትሸፍንለት ምስጢሩን አወጣችበት። ኤልዉድ ይህን ሁሉ እያሰበ ሦስት ቀን ከሷ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አልተቀመጠም። ክሊፍተን ሁለት ጊዜ ደወለ፣ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ።

ሐሙስ ጠዋት ቬርዴል እህቷ ጋ እንደወጣች፣ ኤልዉድ አረንጓዴውን ድስት ከቁም ሣጥን አወረደ። የአሳማ ትከሻ ገዝቶ መጥቷል። ሽንኩርቱን በወፍራሙ ከትፎ ከሥር አነጠፈ። የፖም ኮምጣጤ፣ የተፈጨ ቃሪያ፣ ጥቂት ቡናማ ስኳር። እሷ ስትሠራ አርባ ዓመት ሲያሾፍባት ቆይቶ ሁሉንም ያውቀው ኖሯል።

ወደ ጨው ሲደርስ ቆመ። የሷ ልክ ለዚያ የሚያህል ሥጋ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው። አንድ ጨመረ። ከዚያ ሁለተኛ ጨመረ፣ ሦስተኛም፣ አራተኛም። ስህተት አልነበረም፣ እየቆጠረ ነው የጨመረው። ክዳኑን ደፍቶ ሙቀቱን ዝቅተኛው ላይ አደረገና ተቀመጠ።

ቂም አልነበረም፣ ሰው እንዲያ ሊያስብ ቢችልም። ያ ሰው ቀኑን ሙሉ እዚያ ኩሽና ውስጥ ተቀምጦ የሚለምነው አንድ ነገር ነበር። ጨው በዝቶበታል ትበለኝ፣ ይል ነበር በልቡ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ትትፋው፣ ትስደበኝ፣ አበድክ ወይ ትበለኝ። እንደዚያ ካለችኝ ውሾቹንም፣ ሴቶቹንም፣ ክሊፍተንንም እረሳዋለሁ። የማምነው ምላስ አለኝ ማለት ነው።

ወደ ማታ ቬርዴል በሩን ስትከፍት ሽታው ተቀበላት። እሱ አይሸተውም፤ ፊቷ ላይ ግን አየው። ኩሽና በር ላይ ቆማ አየችው፣ ድስቱን አየችው፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"አንተ ነህ የሠራኸው? በኔ ድስት?"

"ሻወር አስወሰድኩት" አላት።

በአራት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ሳቋን ሳቀች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ኤልዉድ በሁለት ሹካ ሥጋውን ዘነጣጠለ፣ በክብ ዳቦ ውስጥ ከተተ፣ ከላዩ የተቀመመ ጥቅል ጎመን አደረገበትና ሳህኑን ከፊቷ አኖረ። ከፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ለራሱ አላቀረበም።

"ቅመሺልኝ" አላት።

ቆረሰች። ማኘክ ጀመረችና መንጋጋዋ ለአፍታ ቆመ። ያን አፍታ ኤልዉድ አየው። አሁን ትናገራለች፣ አለ በልቡ፣ ይኸው አሁን። ቬርዴል ቀና ብላ ዓይኑን አየች። እጇን ሰዳ የሱን እጅ ያዘች። የጎረሰችውን በጭንቅ ዋጠች።

"ልክ ነው" አለችው። "እንዲያውም ከኔ ይበልጣል።"

"ጨው አልበዛም?"

"ኧረ በጭራሽ።"

ሌላ ልትቆርስ እጇን ስትዘረጋ ኤልዉድ ሳህኑን ቀስ ብሎ ከፊቷ ሳበው። ተነሥቶ ውሃ በብርጭቆ ቀዳና አስቀመጠላት። ሳታርፍ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ሁለተኛ ቀዳላት።