ደም የማይረጋበት ቱቦ

ደም ከሰውነት ወጥቶ ባዕድ ነገር ሲነካ የቆሰለ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ቶሎ ይረጋል። በቤተ ሙከራው ጥግ የምትሠራው ሴት ይህን ለማስቀረት የፕላስቲክ ቱቦዎችን ውስጣቸውን ስስ ሽፋን ትቀባለች። ከዚያ ከባልደረቦቿ በተቀዳ ደም ትሞላቸውና በየሠላሳ ሰከንዱ አንድ በአንድ ዘንበል እያደረገች ታያለች። ደሙ መቼ እንደረጋ የሚለካ መሣሪያ አላት፤ እሷ ግን "ዓይኔ ካላየ አልቀበልም" ትላለች። ስትሠራ ማየት እንዴት ደስ ይላል!

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ወንድሟን ከኩላሊት እጥበት ለመውሰድ ትወጣለች። ደሙ ወደ ማጠቢያው መሣሪያ የሚያልፍበት ቱቦ ሁለት ጊዜ በረጋ ደም ተደፍኖበታል።

ዛሬ አንዱ ሽፋን ደሙን ሃያ ደቂቃ ሙሉ እንደ ውሃ አንሸራተተው። ሁሉም አጨበጨቡ። እሷ ግን ደሙን የሰጡት የዕቃ ቤት ኃላፊ ጉንጫቸውን ይዘው መቆማቸውን አየች።

"ጋሼ፣ መድኃኒት አልወሰድኩም ብለውኝ አልነበር?"

"አልወሰድኩማ! ለጥርሴ አስፕሪን ብቻ ነው። አስፕሪንም መድኃኒት ሆነና!"

"አስፕሪን እኮ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ያሸነፈው የእርስዎ ጥርስ ነው እንጂ የእኔ ሽፋን አይደለም።"

"ታዲያ ዝም ብለሽ ብትጽፊው ማን ያውቃል?"

"የወንድሜ ደም ያውቃል፣ ጋሼ።"

መዝገቡ ላይ "አይቆጠርም" ብላ ጻፈችና ሰዓቷን አየች። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው። ሩብ ሰዓት አንድ ቱቦ ለመቀባት ይበቃል ብላ እንደገና ጀመረች።