ሽማግሌዎቼን ያራገፈው አጭር ሞላ

ባለፈው እሁድ ረፋድ ላይ... ሐርቡ ውስጥ፣ የልጅቷ አባት ደጃፍ ለመድረስ ሃምሳ እርምጃ ሲቀረን፣ መኪናዬ ሦስት ሽማግሌ እንደጫነች ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ቆመች አላልኩም። ተቀመጠች።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ጠዋት እወርደዋለሁ፣ ማታ እወጣዋለሁ። እንዲህ ያለ መንገድ የሚመላለስ ጤነኛ ሰው መኪናውን ከፍ ያስደርጋል። እኔ ግን ስልኬ ላይ የመኪና ቪዲዮ እያየሁ የሠለጠንኩ ሰው ስለሆንኩ ዝቅ ላስደርጋት ወሰንኩ። መኪና መሬት ለመሬት ስትሄድ ታምራለቻ!

የኮምቦልቻው መካኒኬ ከድር ምርጫ ሰጠኝ።

«ወይ ኮይልኦቨር አስገባ፤ ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ አንድ ላይ ነው፣ ስትፈልግ በቁልፍ ከፍ ዝቅ ታደርገዋለህ። ወይ ደግሞ አጭር ሞላ፤ እሱ አንዴ ከወረደ ወረደ ነው። ወላሂ ግን አልገባኝም... ሰው ሁሉ ከፍ አድርግልኝ እያለ ይለምነኛል፣ አንተን ምን ነካህ?»

«ቁልፍ ይዤ መኪና ሥር የምገባ እመስልሃለሁ?» አልኩት። አጭሩ ሞላ ተገጠመ።

ብቻዬን ስነዳት አንድ እንከን አልነበራትም። የፍጥነት መቀነሻ ላይ ትንሽ ታቃስታለች... በዚህ ኑሮ የማያቃስት ማን አለ?

ከዚያ ሽማግሌ የምልክበት ቀን ደረሰ። የማገባት ልጅ የሀያት አባት ጋሽ ይማም ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ከእኔ በፊት ሌላ ጠያቂ የላከው ሽማግሌ «ልጃችን ገና ናት» ተብሎ አፍሮ ተመልሷል። እኔም እንደዚያው ከተባልኩ ሀያትን አጣኋት ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመስኩም።

ደንቡን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ የላከ ሰው ሽማግሌዎቹን ተከትሎ አይሄድም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል። አጎቴ ሙሄም «ኮንትራት መኪና ያዝልንና አንተ ዱዓህን አድርግ» ብሎኝ ነበር። እኔ ብልሁ ግን «የኔ መኪና እያለች? አስፋልቱ ላይ አውርጃችሁ እሰወራለሁ» አልኩ።

አጎቴ ከፊት፣ ሸህ እንድሪስና አንድ የቅሬያችን፣ የዕድራችን ማለቴ ነው፣ አባት ከኋላ ተቀመጡ። ሸህ እንድሪስ በመስኮት ወደ ውጭ አዩና «ልጄ... ተቀምጠን ነው ወይስ ተኝተን የምንሄደው?» አሉኝ።

«ፋሽኑ ነው ሸሁ።»

«አሏህ ከፋሽን ይጠብቀን» አሉ። አጎቴ ጮክ ብሎ አሚን አለ።

ሐርቡ ደርሰን አስፋልቱ ላይ ላወርዳቸው ስል የሸህ እንድሪስ ጉልበት እምቢ አለ። «በነቢ ይዤሃለሁ፣ ትንሽ ወደ ውስጥ አስገባን» አሉኝ። በነቢ ተይዞ እምቢ የሚል ወሎዬ አለ? ገባሁ። ብዙም ሳልሄድ ከሥሬ «ቋ!» አለ።

ሽማግሌዎቹን አውርጄ፣ ያንን የሰርግ የሚመስል ነጭ ሸሚዜን እንደለበስኩ መኪናዋ ሥር ተጋደምኩ። ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው ማለት ነው፣ ድንጋዩን ታቅፎ ተኝቷል። ይኼኔ የቆርቆሮ በር ሲንቋቋ ሰማሁ። ቀጥሎ አንድ ጥንድ ትልልቅ ጫማ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«አሰላሙ አለይኩም! አብሽሩ፣ ምን ሆናችሁ ነው?»

ድምፁን በሀያት ስልክ ውስጥ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። አባቷ! ሽማግሌዎቹ ሰላምታውን መለሱ። ጋሽ ይማም ጎንበስ ብለው አዩኝ።

«ይችን መኪና ማነው እንዲህ ያሳጠራት?»

«እኔ ነኝ ጋሼ... አጭር ሞላ ነው።»

«ከፍ ዝቅ የሚለው ዓይነት የለም እንዴ?»

«አለ።»

«ታዲያ?»

 «ያምራል» ልላቸው ነበር፣ ግን ተጋድሞ የሚባል ነገር አይደለም።

«ሰው የማትሸከም መኪና ምን ትሠራለች!» አሉና ቀና ብለው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ለመሆኑ ወዴት ስትሄዱ ነው?»

ሸህ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እርስዎ ቤት ነው የመጣነው።»

ምድር ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ሄጄላታለሁ። ጋሽ ይማም ጎረቤት ጠርተው ክሪክ አስመጡልኝና ሽማግሌዎቹን ይዘው ገቡ። መኪናዋን በክሪክ አንስተን፣ ድንጋዩን አውጥተን ስንጨርስም አልወጡም። ሀያት አንዴ በመስኮት ብቅ ብላ አፏን ይዛ ስትስቅ አየኋት። እኔ አልሳቅኩም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አጎቴ ፊቱን አጨማዶ ወጣ። «ልጁ ማነው አሉን። ሸሁ ውሸት አይሆንላቸው... ያ ውጭ የተጋደመው ነው አሏቸው።»

«እ... ምን አሉ?»

«በመስኮት ወደ አንተ አዩ። ኋላ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ‹ሠላሳ ዓመት ሹፌር ነበርኩ። መኪናው ሲበላሽበት ጥሎ የሚጠፋ ስንቱን አይቻለሁ። ይኼ ግን እኔን እያየ አልሸሸም። ሞኝ ነው... ግን የሚሸሽ አይደለም› አሉ። ለጁምዓ ተመለሱ ተብለናል። በሌላ መኪና።»

ለጁምዓ ተመለሱ ማለት እሺታ ነው። አልሐምዱሊላህ! መንገዱ መሐል ቁጭ ብዬ እንባዬ መጣ።

እንግዲህ ለእናንተ እውነቱን ልናገር... ያልሸሸሁት ሸሚዜ የማርሚታው ማሰሪያ ላይ ተጠልፎብኝ ነው። ኒካው እስኪታሰር ድረስ ሐርቡ ዘመድ ያላችሁ ይችን ጽሑፍ ሼር እንዳታደርጓት።