ያላለፍኩት ፈተናና የአባ ክኒን

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከቤታችን ጀርባ፣ ከጭዱ ክምር ጥግ፣ ነፋስ የማያገኘኝ ቦታ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ እያጠናሁ ነበር። እያጠናሁ ልበል እንጂ... አንዱን ገጽ ለአራተኛ ጊዜ እያየሁት ነበር።

የፋርማሲስቶች የሙያ ፈቃድ ፈተና። ሁለቴ ተፈትኜ ሁለቴ ወድቄያለሁ። አሁን ለሦስተኛው ነው።

ከአባቴ በቀር መውደቄን በመንደራችን የሚያውቅ የለም። እሱም ለጠየቀው ሁሉ «ምደባ እየጠበቀች ነው» ይላል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ዝም እላለሁ። ዝም ማለት ውሸት አይደለም ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ... ራሴ ግን አላመነኝም።

ቀና ስል አባ ቆመዋል። የደብራችን ቄስ ናቸው፣ የቤታችንም የንስሐ አባት። ተነሥቼ መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

«እንዴት ነሽ ዶክተር? ይሄ ትምህርት አያልቅም እንዴ?»

«አያልቅም አባ።»

«የኛም አያልቅም ነበር። እኔማ ድጓው ሲበዛብኝ ጥዬው ነው የወጣሁት።»

ሳቁ። ከዚያ ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጡ። ክኒን ነው።

«የስኳር ነው ብለው ጤና ጣቢያ የሰጡኝ ነው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ብለውኛል። ቅዳሴ ላይ ግን ያዞረኛል። ባለፈው ሰንበት ላብ አጠመቀኝ። እጄ ሲንቀጠቀጥ መስቀሉ ሊወድቅብኝ ነበር። ምን ይመስልሻል?»

«የጠዋቱን ስንት ሰዓት ነው የሚውጡት?»

«ጠዋትማ እንዴት እውጣለሁ? ቀዳሽ አይደለሁም እንዴ?» እንደ ሕፃን አዩኝ። «ማታ እራቴን በልቼ ሁለቱንም ባንዴ ነው የምውጣቸው። እንዳይጎድል ብዬ።»

እንዳይጎድል...

ሁለት ክኒን ባንዴ። ከዚያ ቅዳሴው እስኪያልቅ እህልም የለ፣ ውኃም የለ። ስኳሩ ይወርዳል፣ ይወርዳል... ሰው እንዲህ ሆኖ ይወድቃል። ወድቆ የማይነሣም አለ። ይህን አውቀዋለሁ። ከአራት ምርጫ አንዱን ክበቢ ሳልባል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መልስ ያለ ጥርጥር አወቅሁ።

«አባ፣ ከእንግዲህ ሁለቱን አንድ ላይ አይውጡ። የሚያዞርዎት እሱ ነው። ነገ አብረን ጤና ጣቢያ እንሂድና ቀዳሽ መሆንዎን እንንገራቸው። አወሳሰዱን ይቀይሩልዎታል።»

«አንቺ እያለሽ እዚያ ድረስ ምን አስኬደኝ? ቀይሪዋ!»

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። እሺ ብል ምን ነበረበት? ግን የንስሐ አባቴ ናቸው። መስቀሉ በእጃቸው ነው። እሳቸው ፊት ዝም ማለቱ እምቢ አለኝ።

«እኔ ገና ነኝ አባ። ፈተናውን ወድቄያለሁ... ሁለቴ። ፈቃድ የለኝም።»

ተግሣጽ ጠበቅሁ። ወይም «አይዞሽ»። ሁለቱም አልመጡም። ክኒናቸውን ቀስ ብለው መልሰው ቋጠሩ።

«እኛ ደብር ያለው ትልቁ ዲያቆን» አሉ፣ «ቅዳሴውን ከእኔ አብልጦ ያውቀዋል። ስሳሳት በጆሮዬ ያርመኛል። ግን ይባርካል?»

«አይባርክም።»

«ለምን?»

«ክህነት የለውማ።»

«በይ እንግዲህ።»

«አባ፣ ይሄ እንደዚያ አይደለም! ፈቃድ ኖረኝ አልኖረኝ ክኒኑ ምን ያውቃል?»

«ክኒኑ ባያውቅ እኔ አወቅሁ።» ቁጣ የለባቸውም። የከፋኝም እሱ ነው። «የሰጠኝ ሰው ሥልጣን አለው። በቀን ሁለት አለኝ፣ ሁለት እውጣለሁ። አንቺም ስታልፊ ያልሽኝን አደርጋለሁ። እግዜር ያሳልፍሽ።»

«እሺ እኔን ይተዉኝ። ጤና ጣቢያ ብቻ እንሂድ።»

«ከፋሲካ በኋላ። አሁን ጾሙ ሲገባ በየቀኑ ቅዳሴ ነው፤ የምንወጣውም ሲመሽ ነው። ያለነው ሁለት ቄስ ነን፤ አንዳችን ከጎደልን ታቦቱ ሳይቀደስበት ሊውል ነው።»

የማደርገው ሲጠፋኝ ከኪሴ ከረሜላ አውጥቼ ሰጠኋቸው። «ላብ ሲያጠምቅዎት ቶሎ አፍዎ ውስጥ ያድርጉት።»

«መቅደስ ውስጥ?» ከት ብለው ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ክህነቴን ልታስፈቺኝ ነው!» ከረሜላውን ግን ተቀበሉኝ። ለልጅ ልጃቸው መሆኑ ነው። ባርከውኝ ቁልቁለቱን ወረዱ። ዱላቸውን ተደግፈው፣ በየጥቂት እርምጃው ቆም እያሉ...

አባቴ ከገበያ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት።

«ለምን ነገርሻቸው?» አለኝ።

ስለ ክኒኑ መስሎኝ ነበር። ስለ መውደቄ ነው።

ዛሬ ጠዋት ጤና ጣቢያ ደወልኩ። «ራሳቸው ይምጡ፤ ሳናያቸው በስልክ አንቀይርም» አሉኝ። ልክ ናቸው። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን የምለው ይህንኑ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወደ አባ ቤት ሄድኩ። ለሚስታቸው ልነግራቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ፣ ጠላ ቀዱልኝ፣ ከዚያም ጉልበቴን መታ መታ አድርገው «ግድ የለም ልጄ፣ በሦስተኛው ታልፊያለሽ» አሉኝ።

ፈተናው ከፋሲካ በኋላ ነው። ሁዳዴ የሚገባው ግን ሰኞ ነው።