የሰኪና ቀይ መስመር

ሰኪና ትምህርቷን ያቆመችው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። አቦምሳ የነበረው የአባቷ ሱቅ ሲዘጋ ልጆቹ በየዘመዱ ተበተኑ፤ ለእሷ አሰላ ያለችው አክስቷ ደረሰቻት። አክስቷ በመናኸሪያው በኩል ባለች ጠባብ ቤት በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ ትጽፍ ነበር። ሰኪናም እዚያው ጣቷን አፍታታች። ከዓመታት በኋላ መኪናውን ኮምፒውተር ተካው፣ አክስቷ ሞተች፣ የኪራይ ቤቷ ለሰኪና ቀረች። ሰው እንዴት ወደዚህ ሥራ እንደገባች ሲጠይቃት፣ "እንዲህ ሆነ እንጂ ማን መርጦ ይሠራል" ትላለች። ቅሬታ የለበትም፣ ኩራትም የለበትም። ዛሬ ዘነበ እንደ ማለት ነው።

አማርኛውንና ኦሮምኛውን ዓይኗን ጨፍና ትጽፈዋለች። እንግሊዝኛውን ግን ከደንበኛው ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል ትገለብጣለች እንጂ ምን እንደሚል ሁልጊዜ አታውቅም። እዚያ ላይ ዓይን የሆናት አንድ ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩ የተበላሸ ቃል ሲያገኝ ከሥሩ የሚያሰምረው ቀይ መስመር። ቀይ ካየች ትመለሳለች፣ ካላየች ታትማለች። የቤቱ ኪራይ የሚወጣው ደግሞ ከእንግሊዝኛው ነው። ያ ቀይ መስመር ባይኖር ኖሮ እንግሊዝኛ አትነካም ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት አዴ ዘይቱና ከሳጉሬ ሚኒባስ ወርደው፣ የተንሸራተተ ሻርፓቸውን እንኳ ሳይመልሱ ገቡ። አዴ ዘይቱና የአንድ የሴቶች ወተት ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። ማኅበራቸው የወተት ማቀዝቀዣ ለማግኘት አመልክቶ፣ ጥያቄውን የሚያዩት እንግዶች በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። ለእንግዶቹ የሚሰጠውን የማኅበሩን ታሪክ በእጅ ከተጻፈው እንግሊዝኛ ገልብጣ የጻፈችው ሰኪና ናት፤ ወረቀቱን የወሰዱትም በዋዜማው ነው።

"ያ ሰኪና፣" አሉ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጡ፣ "ልጄ ማታ አንብባው ስትስቅ አደረች። እኛ የምንሸጠው ምንድን ነው?"

"ወተት ነዋ።"

"ወተት በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?"

"ሚልክ።"

"እዚህ ላይ ሚክል ይላል። ሚክል ማነው? ከእኛ ማኅበር ወንድ የለ።"

ሰኪና ጎንበስ ብላ አየች። እውነትም ሚክል ይላል። እሱም አንድ ቦታ ቢሆን ምን ነበር፤ በየገጹ አናት ላይ የሚደጋገመው የማኅበሩ ስም ውስጥ ተሰንቅሮ ከሽፋኑ እስከ መጨረሻው ገጽ ወርዷል። ቶሎ ብላ ጽሑፉን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችው። ሚክል ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል። ከሥሩ ቀይ የሚባል ነገር የለም። ባዶ ቦታ ላይ ሄዳ ዝም ብላ ፊደል ደባለቀች፤ ወዲያው ቀይ ተሰመረበት። ማሽኑ አልተኛም ማለት ነው።

"አስተካክይና ስጪኝ፣ ልሂድ" አሉ አዴ ዘይቱና።

"ማስተካከሉስ ቀላል ነው አዴ። ግን ይህን የመሰለ ፊት ለፊት የቆመ ስሕተት ካላየ፣ ሌላ ስንት አሳልፎብኛል? እንግዶቹ ፊት ሌላ ቢገኝብዎትስ?"

አዴ ዘይቱና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ሰኪና በሩ ላይ ቆማ ከመንገዱ ማዶ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ነቢልን ጠራችው። ነቢል እየሮጠ መጣ። ችግር ሲባል ፊቱ እንደ ሠርግ ቤት ይበራል።

"አገኘሁት" አለ ገና ሳይቀመጥ። "ርዕሱን በትልቁ ፊደል ጽፈሽዋል። በትልቁ የተጻፈውን ማሽኑ ይዘለዋል።"

እንዳይዘል አድርጎ አስተካከለ። ሦስቱም ወደ ማያው ተጠጉ። ሚክል ያው ሚክል ነው።

"እንግዲያው ቋንቋውን ስቶ ነው። እንግሊዝኛውን ሌላ ቋንቋ መስሎት ይሆናል።"

አየው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ፕሮግራሙን ዘግቶ ከፈተው፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ራሱን አጥፍቶ አስነሳው። ሚክል እንደ ባለርስት ቦታውን ይዞ ተመለሰ።

"ተይው፣ ነገ ተረጋግቼ አየዋለሁ" አለ ነቢል።

ሌላ ቀን ቢሆን ሰኪና "ይሁን" ትል ነበር። በሕይወቷ ብዙ ነገር ይሁን ብላ አሳልፋለች። ያን ቀን ግን አላለችም። ጽሑፉን በፍላሽ ገልብጣ ነቀለችና፣ "ያንተ ማሽን ላይ እንየው" ብላ ወጣች። ሦስቱም ተከታትለው መንገዱን ሲሻገሩ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋባቸው።

የነቢል ማሽን ላይ ጽሑፉ ሲከፈት፣ ያ ረቢ፣ ገጹ ሁሉ ቀይ በቀይ። ሚክል ከሥሩ ቀይ አለው።

"ይኸው!" አለ ነቢል። "ጽሑፉ ደኅና ነው። የታመመው ያንቺ ማሽን ነው።"

አዴ ዘይቱና ግን ጣታቸውን ሌላ ቦታ አሳርፈው ፊታቸው ተለወጠ። "ይሄ የእኔ ስም አይደለም? ይሄም ሳጉሬ። እኔ ምን አጥፍቼ ነው በቀይ የሚሰመርብኝ?"

ሰኪና ይህን ቃል በየቀኑ ትሰማዋለች። እሷ ቤት ደንበኛ ከወንበሯ ጀርባ ቆሞ ስሙ ሲጻፍ እያየ ነው የሚያጽፈው፤ የአገሩ ሥራ እንዲህ ነው። ቀይ ደግሞ የአስተማሪ እስክሪብቶ ነው፤ ቀይ ወድቀሃል ማለት ነው። ከዲሮ የሚባሉ ሽማግሌ አንድ ጊዜ የአባታቸው ስም ተሰምሮበት አይተው፣ ወረቀታቸውን አንስተው ወጥተዋል። በዚያ ሰሞን ነቢል አንድ ዘዴ አሳያት፤ ቃሉ ላይ ጠቅ አድርጋ ከሚመጡት ትእዛዞች አንዱን ስትመርጥ ማሽኑ ቃሉን ይማረዋል፣ ቀዩም ለዘለዓለም ይጠፋል። ከዚያ ወዲህ የሰው ስም፣ የቀበሌ ስም፣ የወንዝ ስም ስታስተምረው ኖራለች። እንግሊዝኛው ውስጥ የማታውቀው ቃል ቀይ ሲሆን፣ ስም ከመሰላት እሱንም። ሚክል ደግሞ ከስምም ስም ይመስላል። አንድ ቀን ሰው ከኋላዋ ቆሞ ሲያጣድፋት አስተምራው መሆን አለበት።

"እኔ ነኝ" አለች። "አልታመመም። ያስተማርኩትን ነው የሚያደርገው።"

ነቢል ገባውና በሳቅ ፈነዳ። "ባጎረስሽ እጅሽን ተነከስሽ በይኛ።"

"አጎራረሱን ያሳየኸኝ አንተ ነህ። ዝም በል።"

ወደ ቤቷ ተመለሱ። ነቢል ማሽኑ የተማራቸውን ቃላት ዝርዝር አወጣ። ወደ ታች ቢወርድ ቢወርድ አያልቁም፤ ግማሹ አርሲ እዚያ ውስጥ ተሰልፏል። ከመካከላቸው ስንት ሚክል እንዳለ ማን ያውቃል?

"አሁን ሚክልን ብቻ ላውጣልሽ" አለ። "ሁሉን ካጠፋሽው የአሰላ ሰው በሙሉ ቀይ ይለብሳል። ደንበኛ ይሸሽሻል።"

ሰኪና አዴ ዘይቱናን አየቻቸው።

"እኔን አትዪኝ" አሉ። "እኔስ ወተት ይዤ ነው የምኖረው። ወተት ውስጥ ዝንብ ሲገባ አንዷን አውጥቶ ሌላዋን የሚተው የለም።"

"ሁሉንም አጥፋው" አለች ሰኪና።

ነቢል አጠፋው። ጽሑፉ ሲከፈት ቀዩ ከላይ እስከ ታች ፈሰሰ። ሰኪና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ አዴ ዘይቱና ከጀርባዋ ቆመው፣ "እሱ የጸሐፊያችን ስም ነው፣ እለፊው፤ እሱም ወንዛችን ነው" እያሉ ስሞቹን ለዩላት። ስም ያልሆነው ሲቀር ነቢል አቃናው። ሚክል ወደ ወተትነቱ ተመለሰ። ከእሱ ወዲያ ደግሞ ሌላ የተሸሸገ ተገኘ፣ ሌላም። በተገኘ ቁጥር ሰኪና እንደ ልጅ ጠረጴዛውን ትመታለች። እስከ ዛሬ ስትጽፍ የኖረችውን ገና ያን ቀን ያየችው መሰላት።

አዴ ዘይቱና ትኩሱን ወረቀት በሻርፓቸው ጫፍ ሸፍነው ወደ ሚኒባሱ ሮጡ። "እንግዶቹ ከሄዱ እደውልልሻለሁ" አሉ ከመንገድ።

ነቢልም ሲሄድ ሰኪና ብቻዋን ተቀመጠች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላትና በሳምንቱ መጀመሪያ ሚፍታ ለሚባል ደንበኛዋ የጻፈችውን የሥራ ማመልከቻ ከፈተች። በእንግሊዝኛ ነው። የሚፍታ ስም ቀይ ነው፤ እሱ ይሁን። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ግን ስም ሊሆን የማይችል ረጅም ቃል በቀይ ተሰምሯል። ወዲያው ስልኳን አነሳች።

"ሚፍታ፣ ማመልከቻውን ሰጠሃቸው?"

"ነገ ነው የምሰጠው። ምነው?"

"እንዳትሰጥ። አሁኑኑ ይዘኸው ና፣ በነጻ ነው።"

"ያኔ ልክ ነው ብለሽኝ አልነበር?"

"ብዬህ ነበር" አለች ሰኪና፤ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበረበት። "አሁን ግን አየሁት። ና።"