ሰላምታው ደርሶናል

ልጄ ለአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ትሠራለች። ባለፈው ቅዳሜ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ስትነጫነጭ ሰማኋት። ሰዎች ለመሥሪያ ቤቱ የላኩትን ረጅም ማመልከቻ ወደ መቶ ፊደል አሳጥራ ገጹ ላይ ስታወጣው፣ መቁረጫው አመልካቹ ያደመቀው ጽሑፍ መሀል ያርፍና ከሥሩ ያለው የገጹ ጽሑፍ ሁሉ ይደምቃል።

«አባዬ፣ ማድመቂያውን አጥፍቼ ጽሑፉን ብቻ ብቆርጠውስ?» አለችኝ።

ኮምፒውተር አላውቅም፤ መቁረጥ ግን አውቃለሁ።

የጋምቤላ ክልል ገና ሲቋቋም ጋምቤላ ከተማ ታይፒስት ነበርኩ፤ ከጎሬ የወረድኩ፣ በጣቴ ፍጥነት የምኩራራ ጎረምሳ። ከየወረዳው የሚመጣውን ማመልከቻ ለኃላፊያችን እያንዳንዱን በአንድ መስመር አሳጥሬ በሰንጠረዥ አቀርባለሁ። ዘዴዬ ቀላል ነበር፤ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እወስዳለሁ፣ ሌላውን እተዋለሁ። ከምሳ በፊት ጨርሼ ባሮ ወንዝ ዳር ወርጄ የተጠበሰ ዓሣዬን እበላለሁ። ማን ይስተካከለኝ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ኦጁሉ የሚባሉ ሽማግሌ ከኢታንግ በኩል በእግራቸው መጡ። ከቢሯችን የወጣ ባለማኅተም ደብዳቤ ይዘዋል፤ «ሰላምታዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» ይላል።

«አንተ ልጅ፣ ሰላምታ ደርሷል። ጥሩ ነው» አሉ ረጋ ብለው። «ጀልባስ?»

«የምን ጀልባ፣ አባባ?»

ማመልከቻቸውን ከፋይል አወጣሁ። አንድ ሙሉ ገጽ ሰላምታ ነው፤ ለኃላፊው፣ ለሚስቱ፣ ለልጆቹ። መጨረሻው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል፦ ልጆቻችን ወንዝ ተሻግረው ትምህርት ቤት የሚሄዱባት ጀልባ ተሰንጥቃለች፤ ውሃው ሳይሞላ ሌላ ስጡን። እኔ ሰንጠረዡ ላይ የጻፍኩት «ኦጁሉ፦ ሰላምታ አቅርበዋል» ነበር፤ ኃላፊውም የመለሰው ለዚያችው መስመር ነው።

ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። ሆኖም አፌ አላረፈም፤ «ዋናውን ነገር ለምን ከላይ አላስጻፉትም?» አልኳቸው።

«ሰው ቤት ገብተህ፣ ሳትቀመጥ ስጠኝ ትላለህ? እኛ አንልም።»

እኔም እኮ ጎሬ ያደግሁት እንዲሁ ነው፤ ታይፑ አስረስቶኝ ነው እንጂ። አፍሬ ኃላፊው ዘንድ ይዣቸው ገባሁና ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። ውሃው ሳይሞላ ጀልባው ሄደ። እኔም የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ የማመልከቻውን ቁልል ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ እንደገና አነበብኩ።

ይህን ለልጄ ነገርኳት። «የደመቀውን አትጣዪው፤ ሰውዬው አንቺን የሚጠራሽ እዚያ ላይ ነው» አልኳት።

ገጿ ላይ «ክቡራን ሆይ፣ እንደምን ሰነበታችሁ…» ብሎ የተቆረጠ አንድ ማመልከቻ ነበር። ሙሉውን ከፈተችና እስከ ደመቀው ድረስ አነበበችው።

«አባዬ» አለች ወደ እኔ ዞራ፣ «ይኼ ሰውዬ እኮ አዋላጅ ነው የሚለምነው።»