ያልተነበበው ገጽ

ጎረቤቴ ናት። ጎረቤቴ የምላት በቤት ሳይሆን በክፍል ነው፤ የእኔን የሒሳብ ክፍልና የእሷን የሥነ ጽሑፍ ክፍል የሚለያቸው አንድ ኮምፔንሳቶ ነው። ኮምፔንሳቶ ደግሞ ምስጢር አይችልም። እኔ እኩልታ ስፈታ የእሷ ባለታሪኮች ጆሮዬ ሥር ይሞታሉ። አንድም ልቦለድ ገዝቼ ሳላነብ ስንቱን ለቅሶ ደርሻለሁ መሰላችሁ።

ተማሪዎች "ምን ተሰማችሁ" ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ከጥያቄዋ ነው። ሌላው አስተማሪ አንብቦ ሲጨርስ "የታሪኩ ዋና ሐሳብ የቱ ነው? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ" ይላል። እሷ መጽሐፉን ትዘጋለች፣ ዝም ትላለች፣ ክፍሉም አብሯት ዝም ይላል፤ ከዚያ ቀስ ብላ "ምን ተሰማችሁ?" ትላለች። ትክክል የለ፣ ስሕተት የለ። አንዱ ተነስቶ "ደበረኝ" ቢላት እንኳ "የቱ ጋ ነው የደበረህ?" ብላ እንደ ሐኪም ትመረምረዋለች። "እኔ የማባዛት ጥያቄ ሰጥቼ 'ምን ተሰማችሁ?' ብል በማግስቱ ከሥራ እባረራለሁ" እያልኩ እቀልድባት ነበር። እሷም አትምረኝም፤ "አንተማ የምትሰማው የእረፍት ደወል ብቻ ነው" ትለኛለች።

ከሁሉ አብልጣ የምትወደው አንድ አጭር ታሪክ አላት። የጭነት መኪና ሹፌር ለሥራ ወጥቶ ይቀራል። ሴት ልጁ ግን በእራት ሰዓት የእሱን ሳህን ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ አትተውም። ወደ መጨረሻው አካባቢ አንድ ገጽ አለ፤ ልጅቷ ያንን ሳህን ታጥበዋለች፣ ታደርቀዋለች፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ ደረቁ ሰውዬ እንኳ እዚያ ስትደርስ ጠመኔዬን ይዤ ቆሜ ቀርቻለሁ።

መጽሐፉ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። በእኛ ግቢ ያለው የእሷ ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱንም ለማንም አታውስም። "መጀመሪያ የሚሰሙት ከእኔ አፍ መሆን አለበት። ቀድሞ የተነገረው ሰው ምን ይደነግጣል?" ትላለች። በዓመት አንዴ ታነበዋለች። በየዓመቱ ከኮምፔንሳቶው ማዶ ያ ዝምታ ይወርዳል፤ አንዱ በተሰበረ ድምፅ ይናገራል፣ አንዷ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። ያን ቀን መምህራን ማረፊያ ስትገባ ፊቷ ሌላ ነው። "አየህ፣ ማንም ሳይነግራቸው!" ትለኛለች። ሌላው ሰው ቤት ይሠራል፣ መኪና ይገዛል፤ እሷ በዕድሜዋ ያፈራችው ይህችን "ማንም ሳይነግራቸው" ነበር።

ይህችንና አንዲት ልጅ። ታናሽ እህቷ ስትሞት ጨቅላዋን ተረክባ አሳደገች። ልጅቷ ዘንድሮ እሷው ክፍል ገብታለች፤ ቤት "አክስቴ"፣ ክፍል "ቲቸር" ትላታለች። ስለ እናቷ በጠየቀቻት ጊዜ ለእኔና ለእሷ ካልሆነ ለሰው የማታወራውን ነግራታለች። እህቷ ከሞተች በኋላ ጫማዋን ከበሩ ጀርባ ማንሳት አቅቷት ኖራለች፤ ካነሳችው እህቷ የምትመለስበት የሚጠፋት ይመስላት ነበር።

እንግዲህ ዘንድሮ አዲስ መመሪያ መጣ። የሥነ ጽሑፍ ትምህርት በሙሉ በተዘጋጀ ጥያቄና በተዘጋጀ መልስ ይሁን ተባለ። እሷ አሻፈረኝ አለች። እስከ ዋናው ቢሮ ድረስ ሄዳ "መጥታችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ እዩኝ። ልጆቹ ከራሳቸው ምንም ካላወጡ እናንተ እንዳላችሁት አስተምራለሁ" ብላ ተወራረደች። የሥራ ዘመኗን ሁሉ በአንድ ክፍለ ጊዜ አስያዘች ማለት ነው። እብደት ነው ብያት ነበር።

የቢሮው ሱፐርቫይዘሮች ከመምጣታቸው በፊት፣ እንግዳ ፊት ገጹ እንዳይረግፍባት ብላ የመጽሐፉን ጀርባ በኮላ ጠገነችው። እኔም ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ "ኋላ ተቀመጥልኝ፣ ልቤ እንዲረጋ" አለችኝና ሱፐርቫይዘሮቹ አጠገብ ተቀመጥኩ። "ተማሪዎቼ ይህን ታሪክ ዛሬ ገና ነው የሚሰሙት" አለቻቸው። ማንበብ ጀመረች።

ድምፅዋ ጥሩ ነበር። ልጅቷ ሳህኑን እንደ ልማዷ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ገጽ ተገለጠ፤ "በማግስቱ ጠዋት በሩን ከፍታ ወጣች።" እኔ ቀና አልኩ። እሷም ነቃች፤ ግን ዓረፍተ ነገሩ ይዟት ሄዶ ታሪኩ አለቀ። ያ ኮላ ሁለት ገጽ አጣብቆ ኖሯል! ሳህኑ አልታጠበም፣ አልደረቀም፣ ቁም ሳጥን ውስጥም አልገባም። መጽሐፉን መዝጋት ትታ በጥፍሯ ገጹን ለማላቀቅ ስትታገል ፊቷ ቀላ። "ይቅርታ፣ አንድ ገጽ..." ልትል አፏን ስትከፍት የክፍሉ አለቃ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ እኔን የነካኝ..." አለና ቆመ። ወለሉን አየ። "ሳህኑን አጥባ ቁም ሳጥን ውስጥ ስትከተው ነው። አባቷን የቀበረችው ያን ጊዜ መሰለኝ።"

ሱፐርቫይዘሮቹ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ክው አልኩ። የቱን ሳህን? ሳህኑ እኮ ጠረጴዛው ላይ ነው! አንዷ ተነስታ "እኔ ደግሞ በፎጣ ስታደርቀው" አለችና አፍንጫዋን ጠረገች። በየዓመቱ በኮምፔንሳቶው የምሰማት ያቺው አፍንጫ ጠረጋ። ጎረቤቴ ጥፍሯ ገጹ መሐል እንደተሰካ ደርቃ ቀረች።

ከዚያ የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ልጅ ተነሳ። "እኔን እናቴን አስታወሰኝ" አለ። "ከሞተች በኋላ ጫማዋን ከበሩ ጀርባ ማንሳት አቅቶኝ ነበር። ካነሳሁት የምትመለስበት የሚጠፋት ይመስለኝ ነበር።"

አንደኛው ሱፐርቫይዘር መሐረቡን አወጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን የልጁ እናት ለእንግዶቹ ውኃ ይዛ በኮሪደሩ እየመጣች ነበር፤ ጫማዋ እግሯ ላይ ነበር፣ ቋ ቋ ሲል ይሰማኛል። ጎረቤቴ ልጁን አላየችውም። ያየችው የእህቷን ልጅ ነው። ልጅቷ ዴስኳን ትመለከታለች።

አሸነፈች፤ በዚያው አሸነፈች። ሱፐርቫይዘሮቹ እጇን ጨበጡ፣ ዘዴው ለሌሎች ትምህርት ቤቶችም ይዳረስ አሉ። "ማንም ሳያስጠናቸው!" አለ ባለ መሐረቡ። እሷ "አመሰግናለሁ" አለች። ሌላ ምን ትበል?

ክፍሉ ሲለቀቅ እኔ ወደ ክፍሌ ገብቼ ሰሌዳ መጥረግ ጀመርኩ። ኮምፔንሳቶው እንደ ልማዱ አወራ።

"ማን ነው ስለ ሳህኑ የነገራቸው?"

"ሁሌም ይነገራል እኮ አክስቴ። ለእኛ የአምናዎቹ ነገሩን፣ ለእነሱ የካቻምናዎቹ። ዝም ስትይ ቶሎ እጅ እንዳናወጣ፣ 'ደስ ይላል' እንዳንል፣ የቱ ጋ እንደሆነ እንድንናገር። ለክፋት አይደለም። እንዳይከፋሽ ብለው ነው።"

"ሁሉም ያውቃል?"

"ካንቺ በቀር።"

ወንበር ስትስብ ሰማሁ። 

"ጫማውንስ ለዚያ ልጅ ማን ሰጠው?"

"እኔ ነኝ። ለዛሬ ሳህኑ ብቻ አይበቃም፣ ከራስ የሆነ ነገር ይጨመር ተባለ። እኔ ልናገረው ነበር፤ አክስቷ አስጠናቻት ይላሉ ብለን ለእሱ ሰጠነው። አሳምሮ ተናገረው አይደል? ሰውየው አለቀሰ እኮ። አንቺ ምግብ እንኳ አልበላ ብሎሽ ነበር፤ እንድታሸንፊ ብዬ ነው።"

"የእናትሽን ጫማ።"

"አዎ፣ የእናቴን።"

"ያኔ እኔ ስነግርሽ..." አለች ጎረቤቴ። "ያኔ ምን ተሰማሽ?"



"ምን እንድልሽ ትፈልጊያለሽ?"

በጥጋብ ያለችው አይደለም፤ እሱ ነው የከፋው። ተማሪ ለአስተማሪ እንደሚለው፣ በትሕትና ነው ያለችው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚሉት ይህ ነው። ዳስተሩን ወርውሬ ወጣሁ። ልጅቷን ልቆጣት ነበር፤ ግን በራቸው ጋ ስደርስ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ጎረቤቴ መጽሐፉን ይዛ ገባች። የተጣበቀውን ገጽ በማስመሪያ አላቃዋለች። "ባለፈው የዘለልኩት ገጽ ስላለ ከመጀመሪያው አነበዋለሁ" አለች። እኔ ተማሪዎቼን እየፈተንኩ ስለነበር ሁሉም ይሰማኛል። ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው አነበበችው። ሳህኑ ታጠበ፣ ደረቀ፣ ገባ። መጽሐፉን ዘጋች። "ምን ተሰማችሁ?" አላለችም።

አንዲት ልጅ ማልቀስ ጀመረች። እንደዚያ እንደለመድኩት አፍንጫ ጠረጋ አይደለም፤ ሳግ የተናነቀው፣ ለጆሮ የማይመች፣ ላቁመው ቢሉት የማይቆም ልቅሶ ነው። ወንበር ተንቋቋ፤ ልታመልጥ የተነሳች መሰለኝ። ከኋላ ሁለት ሦስት ልጆች ሳቁ።

"በቃሽ" አለች ጎረቤቴ። "ዛሬ እንግዳ የለም። ተቀመጪ።"

ሲደወል ያለቀሰችውን ልጅ በበሩ አሻግሬ አየኋትና ጎረቤቴን ኮሪደር ላይ ጠብቄ ያዝኳት። "ስሚ፣ ያቺ ያለቀሰችው ልጅ አዲስ ናት" አልኳት። "ሰኞ ነው ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣችው። እኔም ክፍል ትገባለች። እስካሁን የሚያናግራት እንኳ አላገኘችም፣ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው።"

ቆመች። ወደ ክፍሏ በር ዞራ አየች። ልጅቷ ገና አልወጣችም ነበር፤ ዴስኩ ላይ ተደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ተመልሳ የምትገባ መሰለኝ፤ መንገዱን ለቀቅኩላት።

"ሰኞ?" አለችኝ።

"ሰኞ።"

መጽሐፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ቶሎ ነግረዋታል" አለችና ሄደች።